ስድሳ ቀን

ማሾ ደቃቅ እህል፣ አረንጓዴ ዶቃ፣
ሲነቅዝ የማይታወቅ፣ አስቸጋሪ ዕቃ፤
በጥርሴ ሰብሬ፣ ድርቀቱን አይቼ፣
የምገዛው በእጅ ነው፣ ጥሬ ብር ሰጥቼ።
የደጋን ገበሬ ነገን አያውቃትም፤
በሬው ታሞበታል፣ ልጁ ደብተር የላትም፤
«ሰንብት» ብዬ ብመልሰው ይሸጣል ለሌላ፤
ላኪው ግን እንዲህ ይላል፦ «ከስድሳ ቀን በኋላ።»

ስድሳ ቀን።
ጭነቱ ባቲን ወርዶ፣ ሚሌን ተሻግሮ፣
ጅቡቲ ላይ ተራግፎ፣ በመርከብ ተሳፍሮ፣
በማላውቀው አገር፣ በማላውቀው ድስት
እስኪንተከተክ ድረስ እጠብቃለሁ በትዕግሥት፤
ኮምቦልቻ ላይ መጋዘኔ ባዶ፣ ሚዛኑ ተሰቅሎ፣
ገበያው ሲያልፈኝ አጠገቤ ውሎ።

ባንክ ሄጄ ነበር።
ወንበሩ ይመቻል፣ ልጁም ጨዋ ልጅ ነው፤
«እናቴ» አለኝ በቀስታ፣ «መያዣዎ ምንድን ነው?»
ቤቴ የኪራይ ነው፣ ካርታ የሚባል የለኝም፤
ስም አለኝ አልኩት።
«ስም» አለ፣ «አይያዝም።»

አባቴ በባቲ፣ በሰኞ ገበያ፣
ጨው ሲወስድ በዱቤ ከግመል መንበርከኪያ፣
ወረቀት አልነበር፤ ምስክሩ አንድ ቃል፤
«የሸህ ኑርዬ ልጅ ነው» ይላሉ፤ ያ ይበቃል።

የእህቴ ልጅ ነጂሃ ናት ነገር ያመጣችው።
አንድ ማታ ስልኬን ከእጄ ወሰደችው፤
«አክስቴ፣ ስምሽ እዚህ አለ» ብላ አሳየችኝ፦
ለሹፌር የላክሁት፣ የጆንያ፣ የጫኝ፣
የመጋዘን ኪራይ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣
ቁጥሮቹ ቆመዋል፣ ሰልፍ ገብተው ሁሉ።

«ወለድ ካለው ዝጊው» አልኳት፤ «ሐራም አልነካም።»
«የለውም» አለች፤ «ንግድ ነው፣ ብድር አይደለም፤
ማሾውን እነሱ ከገበሬው ገዝተው
ለአንቺ ይሸጡታል፣ ትርፋቸውን አሳውቀው፤
ላኪው በስድሳው ቀን ሲከፍልሽ ትከፍያለሽ።»
ሸሁ ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ።
«ትርፉ ከፊት ከታወቀ» አሉ፣ «ምን አስፈራሽ?»

ስልኩ ላይ ትንሽ ክብ ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች፤
«አልተፈቀደም» ብላ ቆመች።
ምክንያት፦ በአሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣
ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣
ምንም እንቅስቃሴ የለም።

የለም?
ያኔ መስመር አልነበረም። ያኔ መብራት አልነበረም።
በሬን ነቅለው ሄደው፣ ጆንያውን በትነው፣
የቀረኝን አምባር ለመንገደኛ ሸጬው፣
እስከ ደጋን በእግሬ፣ ብሩ ከመቀነቴ፣
ዕዳዬን ከፍዬ ገባሁ ወደ ቤቴ፤
አሥራ ዘጠኝ ሰው ነው።
ስልኩ የሚያውቀው ዝም ማለቴን ብቻ ነው።

ሰማያዊ ደብተር አለኝ፣ ጠርዙን አይጥ የበላው፣
ከየስሙ ጎን አውራ ጣት ያረፈበት።
ነጂሃ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስታ ላከችው።
በአራተኛው ቀን አንዲት ሴት ደወለች።
«ደብተሩን ማን ጻፈው?»
«እኔ።»
«አሻራውስ?»
አንድ በአንድ ነገርኳት። ይኼ የሐሰና ነው።
ይኼ የይመር ነው፤ ማጭድ ቆርጦት ነው
ግማሽ የሆነው።
ዝም አለች። ስትጽፍ ይሰማኛል።

ሰማንያ ኩንታል ጠይቄ አርባ ተፈቀደልኝ።
ግማሽ ስም ማለት ነው። አልተቀየምኩም፤ አሳቀኝ።

ሐሙስ ደጋን ወጣሁ። የጆንያውን አፍ ሳልሰፋ
የይመር ስልክ ከኪሱ ጮኸ።
ማንበብ አይችልም፤ ሰጠኝ፤ አነበብኩለት።
ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።
«የማላውቀው ሰው» አለ፣ «እኔን በምን አምኖ?»
«በጣትህ» አልኩት።

ጣቱን ገልብጦ አየው። ሱሪው ላይ ጠረገው።
«ደብተሩስ?»
«ብሩ ገብቶልህ የለ፣ ይመር፤ ደብተር ምን ያደርጋል?»
«አብሽሪ፣ አምጪው» አለኝ፤ «መስመር እንደሁ ይጠፋል።»
ቀለሙን ነካ አድርጎ
ግማሹን ጣት አሳረፈ።